ባለ ሦስት ጎማዋ ሞተርና ግራ እግሬ

ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች የለም። የተቆረጠው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በሰኔ ወር፣ ሃያ አራት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የመኪና አደጋ ነው» ብዬ አልፋለሁ፤ እንዲህ ማለት ይቀላል። እውነቱ ግን እግሬን የወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛዋ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ናት፤ ሁለተኛው ጠብቆ የታሰረ ጨርቅ ነው። ከሁለቱ ስለ አንዱ እንኳ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር እግሬ ይተርፍ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

በዚያን ጊዜ ከላፍቶ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባት ገጠር ስለነበረች ክረምት ሲገባ ታክሲ ዝር አይልባትም። እኔም በየቀኑ ከጎፋ መመላለሱ ሲያስመርረኝ ጋሽ ቱሉ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ጋሽ ቱሉ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ላሞች አሏቸው፤ ወተቱን መካኒሳ ላሉ ሻይ ቤቶች ያደርሳሉ። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ግርማ ጎፋ ቀሩ። ግርማ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው።

ሞተሯን ጋሽ ቱሉ ያገኟት ሥራውን ጨርሶ አገር ከሚለቅ አንድ የውጭ መንገድ ሠሪ ድርጅት ጨረታ ላይ ነው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አላት፤ ጎማዎቹ አጫጭርና ወፋፍራም፣ እንደ ኳስ የተነፉ ናቸው። ጉብታ በነካች ቁጥር ስለምትነጥር ሰፈሩ «እንቁራሪቷ» ይላታል። የነዳጅ ቋቷ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ግርማ ቀለም ሲያድሳት አብሮ ቀባው። በዚያው ቀን ከወንበሯ ጀርባ ሁለት የወተት ቢዶን የሚሸከም የብረት መደርደሪያ በየደላት። ሥራው የሚያምር ነበር፤ ሁላችንም አመሰገንነው።

«እንደ በቅሎ ናት፤ ካልፈራሃት አትጥልህም» ይሉኝ ነበር ጋሽ ቱሉ። እሳቸው ከላሞቻቸው እኩል ቀስ ብለው ስለሚነዷት አንድም ቀን አልጣለቻቸውም።

አሁን ጉድለቷን ላስረዳ፤ ዛሬም እንደ እሷ ያለ ሞተር የሚነዳ ሰው አይጠፋምና። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ዲፈረንሻል የሚባል ጥርስ አለ። እንቁራሪቷ ይህ የላትም። ሁለቱ ጎማዎቿ በአንድ ዘንግ ተቆልፈው እኩል ስለሚዞሩ መሪዋ ቢዞርም እሷ ቀጥ ብላ መሄድ ነው የምትፈልገው። ከኋላ ከባድ ነገር ሲጫንባት ደግሞ የፊት ጎማዋ ስለሚቀል መሪው ጭራሽ አይሰማትም። እሺ ስትል ደግሞ በአንዴ ትታጠፍና ትገለበጣለች። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ብስክሌት የለመደ ሰው ሲያዘነብል እግሩን መሬት ያስነካል። እዚህ ከእግሩ በስተኋላ የሚሽከረከር ሰፊ ጎማ አለ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

የዚያን ቀን መካኒሳ ላለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሮስተር ማስረከብ ነበረብኝ፤ የተማሪዎች ስምና የዓመቱ ውጤት የሰፈረበትን ትልቅ ወረቀት ማለት ነው። ከመምህራኑ ሁሉ ቀድሜ ጨርሼ ነበርና ለማስረከብም መቅደም ፈለግሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጋሽ ቱሉ ወገባቸውን ስላመማቸው እንቁራሪቷን ወስጄ በዚያው ወተቱን እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። ብስክሌት ስለምችል አልፈራሁም። ሮስተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ከተትሁና ሁለት ሙሉ ቢዶን ጭኜ ወጣሁ።

ወደ መካኒሳ የሚወስደው ኮረኮንች ቁልቁለቱ ሲያልቅ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መሪውን አዞርሁት፤ ሞተሯ ቀጥ ብላ ነጎደች። ይበልጥ አዞርሁት። የፊት ጎማው ድንጋይ ያዝ ሲያደርግ በድንገት ታጠፈችና ወደ ግራ አዘነበለች። ግራ እግሬን ወደ መሬት ሰደድሁ። የኋላው ጎማ ተረከዜን ነክሶ ወደ ራሱ ጎተተው። እግሬ ጭቃው ውስጥ እንደ ተተከለ ቅልጥሜ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ሲታጠፍ በዓይኔ አየሁ። ድምፁ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ነው።

ከዚያ ሞተሯ ከነወተቱ ላዬ ላይ ተገለበጠች። ግርማ የበየደው ብረት እግሬን ከድንጋዩ ጋር አጣበቀው። ነዳጅ የሚሰጠው በአውራ ጣት የሚጫን ምላስ ሲለቀቅ መመለስ ነበረበት፤ ጭቃ ይዞት ቀረ። ሞተሩ እያጓራ ጎማው የጭኔን ቆዳ ይገፍ ጀመር። ወተቱ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። አፌ ለጩኸት ተከፍቶ ስለነበር ገብቶ ትን አለኝ።

በአቅራቢያው ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች ደረሱልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን ሞተሯን ሳያነሡ ሁለቱ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። የተሰበረው አጥንት ቆዳዬን ከውስጥ ሲወጥረው ተሰማኝ። አንደኛው ሞተሩን እንዴት እንደሚያጠፋ ስላላወቀ በመፍለጫ መዶሻው እየደበደበ ዝም አሰኘው። ከዚያ በኋላ ነው ብረቱን ያነሡልኝ። ሮስተሩ ብብቴ ሥር ነበር፤ አልረጠበም። አንዱ ሠራተኛ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ወስዶ እንዳስረከበልኝ በኋላ ሰማሁ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

በሸክም የወሰዱኝ መካኒሳ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ድሬሰሩ ቁስሉን አጠበና ውልቃት ነው አለ። ማስታገሻ ወጋኝ፤ ለማንኛውም ሆስፒታል ሄጄ ራጅ እንድነሣም መከረ። እማዬ ወሬው ደርሷት ከጎፋ የመጣችው ይኼኔ ነው። ሆስፒታል የሚለውን ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና በሩን ዘግታ ቆመች። ከእኛ መንደር እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ገብቶ በአንድ እግሩ የወጣ ሹፌር ነበር። እማዬ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው።

«ልጄን ለመጋዝ አልሰጥም» አለች። «ጋሽ ዘለቀ እያሉልኝ!»

ጋሽ ዘለቀ የጎፋ ወጌሻ ናቸው። የእማዬን ክንድ የጠገኑት እሳቸው ናቸው፤ ግርማ በልጅነቱ ከዛፍ ሲወድቅ ትከሻውን የመለሱትም እሳቸው ናቸው። እጃቸው ይባረካል ይባላል፤ ውሸት አይደለም። እኔም ሳይንስ የማስተምረው ሰውዬ ወደ እሳቸው ልወሰድ ስባል አልተቃወምሁም። እኔም መጋዙን ፈርቼ ነበር።

ጎፋ፣ እማዬ ቤት፣ አራት ሰዎች ያዙኝ፤ ሁለቱ በትከሻዬ፣ አንዱ በወገቤ፣ አንዱ በቀኝ እግሬ ላይ ተቀመጠ። የምነክሰው ጨርቅ ሰጡኝ። ጋሽ ዘለቀ እግሬን በቅቤ አሹና ተረከዜን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን ከአልጋው ቋሚ ጋር አጋጥመው ሳቡት። አጥንት በአጥንት ላይ ሲፋጭ ጆሮዬ ሰማው። ጨርቁን በጥርሴ በጠስሁት፤ የያዘኝን ሰው ጣትም ነከስሁ። ሰውየው በጥፊ መታኝና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ቅልጥሜን ዙሪያውን በቀርከሃ ደግፈው በአቡጀዲ ቁራጭ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ይጠብቃል ስላቸው፣ የላላ እስር አጥንት አይዝም አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ በደንብ ይከተለኝ። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ጨርቁ ግን አያብጥም። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫንና የደም ሥሮቹን ይዘጋል። ደም ያላገኘ ሥጋ መጀመሪያ ይጮኻል። የኔም ጮኸ። ማምሻውንና በማግስቱ እንደ ጋለ ብረት ሲያቃጥለኝ ዋለ፤ ግድግዳውን በቡጢ እየመታሁ አንጓዬን አደማሁ። እማዬ ሮጣ ጋሽ ዘለቀን ስትጠይቃቸው፣ አጥንቱ እየገጠመ ስለሆነ እንዳይፈታ አሉ።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሕመሙ ተወኝ። ጣቶቼም መሰማታቸውን አቆሙ። እማዬን ጠርቼ «ተወኝ፤ ተሻለኝ» አልኋት። ተንበርክካ አመሰገነች፤ ጎረቤቶች እንኳን ደስ አላችሁ እያሉ ገቡ። ሾርባ ጠጣሁ። ቀልድም ቀለድሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ያ ደስታ ነው። ሕመሙ የጠፋው ስለዳንሁ ሳይሆን፣ የሚያመው ሥጋ ስለሞተ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ እያደረ ሲሠራ የሰነበተው ግርማ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የጠየቀው ሁሉ ደኅና ነው ይለው ነበር። በሩን ከፍቶ እንደ ገባ አፍንጫውን ያዘ። ብርድ ልብሱን ገለጠው። ጣቶቼ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ከሥራ ቦርሳው የቆርቆሮ መቀስ አወጣ። እማዬ እጁ ላይ ተንጠለጠለች፤ ገፈተራት፤ ግድግዳው ላይ ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተ። ወንድሜ እናታችንን ሲገፋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨርቁን ሲቆርጠው ቆዳዬ አብሮ ተነሣ። እኔን ግን አላመመኝም። ያኔ ገባኝ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በእንጨት ወንበር ተጋድሜ ረጅም ሰዓት ጠበቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ጠረኑ እየሸተታቸው አንድ በአንድ ተነሡ። አንዲት ሴት ብቻ አልተነሣችም፤ ነጠላዋን እግሬ ላይ አለበሰችልኝና ዞራ ሰዎቹን ገላመጠቻቸው። ለማላውቃት ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።

የመረመረችኝ ሐኪም ከኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። በመርፌ ከጣቶቼ ጀምራ ወደ ላይ እየወጋች ሲሰማኝ እንድናገር አዘዘችኝ። ቅልጥሜ አጋማሽ እስክትደርስ ዝም አልሁ። ሳታድበሰብስ ነገረችኝ። ዛሬ ከተቆረጠ ጉልበቴን ታተርፍልኛለች፤ ነገ ከሆነ ከጉልበት በላይ ነው፤ ከነገ ወዲያ ስለ ሕይወቴ ነው የምናወራው። ጉልበት መኖሩ ሰው ሠራሽ እግር ለብሶ ለመራመድ ምን ያህል ልዩነት እንዳለውም አስረዳችኝ። እማዬ ግንባሯን በፋሻ እንደ ታሰረች ወለሉ ላይ ተቀምጣ «አትፈርም ልጄ፣ አትፈርም» ትላለች። ግርማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ወረቀቱን ተቀብዬ ፈረምሁ።

ስነቃ የሌለው እግሬ ጣቶች ያሳክኩኝ ነበር። ይህ በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ የተቆረጠው ክፍል ነርቭ ወደ አንጎል መናገሩን አያቆምም። ማንም ስላልነገረኝ ግን ያበድሁ መሰለኝና አልጋውን እየደበደብሁ ጮህሁ። አጠገቤ የተኙት ዳሌያቸው የተሰበረ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራዬን ጠየቁኝ። መምህር ነኝ አልኋቸው።

«ተማሪዎችህን በአንድ እግር ቁሙ እያልክ ትቀጣ ነበር?»

«አዎ።»

«በል እንግዲህ፣ ተራህ ደረሰ» አሉኝ።

መጀመሪያ ትራስ ልወረውርባቸው ነበር። ከዚያ ሳቄ መጣና ስፌቱ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ጋሽ ቱሉ ሊጠይቁኝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሞተሯን ሊገዛቸው መካኒሳ የሚኖር ሰው እየተመላለሰ መሆኑን ነገሩኝ። እንዳይሸጧት ለመንኋቸው፤ ለምን እንደሆነም ዘንጓንና ጎማዎቿን ወረቀት ላይ እየሣልሁ አስረዳኋቸው። ሥዕሉን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አቦ ቲቸር፣ እኔ እኮ በቅሎ ናት ብዬህ ነበር» ብለው አለቀሱ። በሳምንቱ ግርማ ላፍቶ ሄዶ በበየደበት መሣሪያ ቆራረጣት። መደርደሪያውን ሲቆርጥ እንዴት እንደነበር ጋሽ ቱሉ ነግረውኛል፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ፣ ግርማ እያየ፣ እግር ያለኝ መስሎኝ ከአልጋ ተነሥቼ ቆምሁ። በቁስሌ ነው የወደቅሁት። ስፌቱ ተተርትሮ ደሜ ወለሉ ላይ ሲረጭ ግርማ እኔን ለእማዬ ትቶ ወጣ። ጋሽ ዘለቀን በራቸው ላይ አገኛቸው። መንደርተኛው እስኪያላቅቃቸው ድረስ ደበደባቸው፤ ቀኝ እጃቸውንም አንጓው ላይ ሰበረው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሰው።

በሦስተኛው ቀን የዕድራችን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ ዘለቀን ይዘው ቤታችን መጡ። ሰውየው እንደ ደንቡ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በራችን ላይ ተደፉ። ግርማም በተራው ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ እንዲወድቅ ተነገረው፤ በግድ፣ ጥርሱን ነክሶ ወደቀ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ካሳ የምለውን እንድናገር ጠየቁኝ።

እኔ ግን የማየው የጋሽ ዘለቀን ቀኝ እጅ ነበር። ዙሪያውን ቀርከሃ ተደግፎ በአቡጀዲ ታስሯል። ባለቤታቸው ሲያስሩላቸው እሳቸው ጠበቅ አድርጊው ይሉ እንደነበር ሽማግሌዎቹ እየሳቁ አውርተዋል። ከጨርቁ የወጡት ጣቶች አብጠው ወይን ጠጅ መስለዋል። ዝም ማለት እችል ነበር። ዳኛው ጥያቄያቸውን ደገሙልኝ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ያመዎታል?» አልኋቸው።

«ትናንት ገድሎኝ ነበር፤ ዛሬ ተመስገን ተወኝ።»

እጃቸውን ወደ እኔ አስቀርቤ አንዲት ነርስ ያስተማረችኝን አደረግሁ። የጣታቸውን ጥፍር ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ደም የሚደርሰው ጣት ጥፍሩ ሲጫኑት ይነጣል፤ ሲለቁት አንድ ሁለት እስኪባል ተመልሶ ይቀላል። የሳቸው ነጣ፤ እንደ ነጣም ቀረ። ለሁሉም እያሳየሁ አስረዳሁ። ካሳዬ ይኼ ነው፣ አሁን ይፈታ፣ ሆስፒታልም ይሂዱ አልሁ። ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ። «የሰበረኝ ወንድምህ፣ የምታስቆርጠኝ አንተ!» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም አጉረመረሙ። እማዬ እስካሁን ጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። መጥታ ከጋሽ ዘለቀ ፊት ተቀመጠችና ወደ ባዶው የሱሪዬ እግር አመለከተች።

«ይኼም ተወኝ ብሎኝ ነበር» አለች።

ጨርቁን የፈታው ግርማ ነው። ቋጠሮውን ለመፍታት ተንበርክኮ ሲታገል የሰበረው እጅ ላይ እንባው ይንጠባጠብ ነበር፤ ጋሽ ዘለቀም ፊታቸውን አዙረው ፈቀዱለት። ከዚያ ታክሲ አስቁሞ ተሸክሟቸው ገባ፤ እኔም ክራንቼን ይዤ ከኋላ ተቀመጥሁ። ቄራ ጋ ስንደርስ ጋሽ ዘለቀ ላብ አጠመቃቸው። ጥርሳቸው ተንገጫገጨ፤ ግንባራቸውን ከፊታቸው ካለው ወንበር ጋር አጋጩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «አመመኝ። እሳት ገባበት።»

«እሰይ» አልኋቸው።

በድንጋጤ ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸውን ጭኔ ላይ አሳረፍሁና ጥፍራቸውን እንደገና ተጭኜ ለቀቅሁት። ነጣ። ሦስታችንም አቀርቅረን ጠበቅን። ከዚያ ከጠርዙ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀላ።